መርፌ ነው አልኳት

ጥር 13፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬ እሑድም ከቤቴ ወጥቼ ቀጥታ አቃቂ። ከኮዬ ፈጬ ታክሲ የለም። ሰልፉ እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ተጠማዟል። ቱሉ ዲምቱ ላይ ወርጄ ሌላ ሰልፍ። ስደርስ እማዬ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጎኗን ይዛለች። አመመሽ? ስላት አላመመኝም አለች፤ ላብ ግን አጥምቋታል። የክር ፋብሪካው ማሽን ጆሮዋን ስለወሰደው ስትዋሽም ጮክ ብላ ነው። አላመመኝም ማለቷን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ስማ እንግዲህ አንተ ዝም ባይ ደብተር፣ ለሌላ ለማን እነግራለሁ። ሐኪሟ ዶ/ር ማህሌት ፎቶውን አሳይታኛለች። የግራ ኩላሊቷን ጠጠር ሞልቶታል። አንድ ጠጠር ነው፤ ግን እንደ ዝንጅብል ቅርንጫፍ አውጥቷል። በመድኃኒት አይሟሟም፣ በሽንት አይወጣም። እንደ ድሮው ጎን ተቀዶ አይደለም አለችኝ። በጀርባ በኩል በመርፌ መንገድ ይከፈታል፣ መንገዱ ትንሽ እንዲሰፋ ይደረጋል፣ ካሜራ ያለው ቀጭን ዘንግ ይገባል፣ ጠጠሩ እዚያው ተሰባብሮ ይለቀማል። ከቆየ ኩላሊቱ ይሄዳል። መመረዝ ጀምሯል። ቀጠሮ ከነገ ወዲያ።

እማዬ ደግሞ ቃሏን ድሮ ጨርሳለች። ቢላ አይነካኝም። ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ ሙሉ፣ ለኦፕራሲዮን ገብታ በዚያው ቀረች። እኔ ሕፃን ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስለ ኦፕራሲዮን አይወራም። ጸበሏን ትጠጣለች፣ ጎኗን ይዛ ትቀመጣለች፣ አበቃ።

ወንድሜ ቢኒ ከሞጆ መንገድ ደወለ። አይሱዙውን እየነዳ ነው፤ ጩኸቱ ከእማዬም ይብሳል። ምርመራ ነው በያት አለኝ፤ ምን ችግር አለው፣ ተኝታ አይደል እንዴ የሚሠሩላት። ተቆጣሁት። እናትህን እንደ ጭነት ልታስገባት ነው ወይ አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ግን ሐሳቡ ከጭንቅላቴ አልወጣም።


ጥር 14፣ ጠዋት

ነገርኳት። ማለትም ዋሸኋት።

ምርመራ ነው አልኳት፤ በሆድሽ ተኝተሽ በጀርባሽ መርፌ ይገባና ቆሻሻው ውሃ ይቀዳል። እንዳትነቃነቂ ያስተኙሻል። ቢላ የለም? አለች። የለም አልኩ። መርፌ ነው። እውነትም መርፌ ነው፣ መጀመሪያ የሚገባው። ግማሽ ለመለሰ ተማሪ ግማሽ ማርክ ነው የምሰጠው፤ ለራሴ ሙሉ ሰጠሁ።

ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ መምሬን ልጥራ እንዴ? አለችኝ። የነፍስ አባታችንን ማለቷ ነው። ለመርፌ? ብዬ ሳቅኩባት። እሷም ሳቀች። እውነትሽን ነው፣ ሽማግሌውን ለመርፌ አናስቸግርም፣ አለች።

ቀለል ብሏታል። ሻይ ጠጣች። እኔ አልቀለለኝም።


ጥር 15፣ ማክሰኞ፣ ሆስፒታል፣ 4 ሰዓት

ገብታለች። ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው፤ ማንበብ ካቃተህ ተወው።

ጠዋት ዶ/ር ማህሌት አልጋዋ ጋ መጣች። ቸኩላለች፤ ቶሎ ቶሎ ትናገራለች። እማዬ አንዱንም አልሰማችም። ፈገግ ብላ፣ ከልጄ ጋር ተነጋገሩ የኔ እመቤት፣ እሷ አስተማሪ ናት፣ አለቻት። በኩራት ነው የተናገረችው። ዶክተሯ ወደኔ ዞራ፣ ሁሉንም ነግረሻታል? አለችኝ። ነግሬያታለሁ አልኩ። ዓይኔን እንኳን አላሸሸሁም።

ወረቀቱ መጣ። ፈርሚ አልኳት። መነጽሯን አልያዘችም። ምንድነው? አላለችም። ልጇ ፈርሚ ካለቻት ሌላ ምን ትጠይቃለች። ፊርማዋ ከፋብሪካ ጊዜዋ ጀምሮ ያው ነው፤ ስሟን ከነአባቷ፣ ቀስ ብላ፣ ፊደሉን እያሳመረች። ያን ጊዜ ማስቆም እችል ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

ነጠላዋን ሰጠችኝ። በተሽከርካሪ አልጋ ሲወስዷት ገበያ ደርሳ እንደምትመለስ ሰው እጇን አወዛወዘችልኝ።

ያው ቀን፣ 8 ሰዓት

ወጣች። ደህና ናት። ደህና ናት! ደግሜ ልጻፈው፤ ደህና ናት።

ዶ/ር ማህሌት ጠጠሩን በትንሽ ብልቃጥ ሰጠችኝ። ቡናማ፣ ስብርባሪ፣ ከምስር ውስጥ የሚለቀም ዓይነት። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀችኝ። ከኩላሊቷ እስከ ፊኛዋ ቀጭን ቱቦ ውስጧ ትተውላታል፤ እስኪያገግም ሽንት እንዲያልፍ። እሱ የግድ መውጣት አለበት። ከተረሳ ቱቦው ራሱ ጠጠር ይለብስና ኩላሊቷን መልሶ ይዘጋዋል። ለመውጣቱ ደግሞ መቅደድ የለም፤ በሽንት መስመር ተይዞ ይሳባል። ካርዱ ላይ የካቲት 14 ብላ ጻፈችልኝ። እሺ አልኩ። ዛሬ እሺ የማልለው ነገር የለም።

ስትነቃ በጀርባዋ በኩል የወጣ ሌላ ቱቦ ከረጢት ላይ ተንጠልጥሏል። በውስጡ ያለው ቀይ ነው። አየችው። ደም ነው? አለች። ቆሻሻው ነው አልኳት። ተመስገን፣ ይውጣ፣ ብላ ተኛች።

ውሸቱ አሁን ልጅ መውለድ ጀምሯል።


ጥር 19፣ ቅዳሜ፣ አቃቂ

ቤቷ ገብታለች። እኔ ጋ አራተኛ ፎቅ አልወጣም አለች። ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም እንኳን ለታማሚ ለእኔም አልሆነኝ። የጀርባው ቱቦ ወጥቷል። ቁስሉ የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ያህል ነው፤ ፋሻ ስቀይርላት የመርፌው ቦታ አልደረቀም? ትለኛለች። እየደረቀ ነው እላለሁ።

ውሃ በብዛት ትጠጣ ተብሏል። እሷ ውሃ አትወድም፤ ሆዴን ይነፋኛል ትላለች። ስለዚህ ጸበሉን ጠጪ፣ ደጋግመሽ ጠጪ አልኳት። ጀሪካኑን አጠገቧ አድርጋ ስትጠጣ ዋለች። በብልጠቴ ተደሰትኩ። ለአፍታ ነው፣ ግን ተደስቻለሁ።

እትዬ ዘነበች መጣች። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤት ናት፣ የእማዬ የፋብሪካ ባልደረባ። እሷም ኩላሊቷ ላይ ጠጠር አለባት፤ እዚያው ሆ/ል ቀጠሮ ይዛለች። እንዴት ነበር? አሳመመሽ? ብላ እማዬ ጆሮ ላይ ትጮሃለች። እማዬ፣ ምኑ ያማል፣ መርፌ ነው፣ ትላታለች። እኔ ወጥ ላማስል ብዬ ጓዳ ገባሁ። የሚማሰል ወጥ አልነበረም።


ጥር 29፣ ማክሰኞ

ለክትትል ሄድን። ራጅ ተነሳች። ዶ/ር ማህሌት ስክሪኑን አሳየችኝ፤ ኩላሊቱ ንጹሕ፣ ውስጡ ያ ቀጭን ቱቦ ብቻ ነጭ ሆኖ ይታያል። ኮሪደር ላይ እማዬ ጆሮ ጠጋ ብዬ፣ ጠጠሩ ጠፍቷል! አልኳት።

ጠፋ? አለች። ጠፋ።

ጸበሉ ነው? አለችኝ።

ዓይኖቿ እንባ ሞልተዋል። ሰው ያየናል። ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ፣ ከሰዓት ክፍለ ጊዜ አለኝ፣ ደክሞኛል። ሰበብ አለኝ፣ ቁጠሪ ብትለኝ እቆጥርልሃለሁ። አዎ አልኩ። አንድ ቃል። እልልታዋን አቀለጠችው፤ ነርሶቹ ሳይቀሩ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ከዚህ በፊት የዋሸሁት እናቴንና ሐኪሟን ነበር። ዛሬ ደግሞ የእግዚአብሔርን ስም ምስክር አድርጌ ጨመርኩበት።


የካቲት 5፣ የእረፍት ሰዓት፣ መምህራን ክፍል

የዛሬው ትምህርት ኩላሊት ነበር፤ ሌላ ምን ሊሆን። ቦርዱ ላይ በቀይና በሰማያዊ ጠመኔ ሳልኩት። አንዲት ልጅ፣ ቲቸር፣ ትልቅ ጠጠር ሆድ ሳይቀደድ ይወጣል? አለችኝ። አሳምሬ መለስኩላት። መርፌው፣ መንገዱ፣ ካሜራው፣ መሰባበሩ፣ ቱቦው። ሰው ከመቀደዱ በፊት ሐኪሙ ያስረዳዋል? አለች ደግሞ። በርግጥ አልኳት፤ የራሱ አካል አይደል።

ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ። ልጆቹ ሳቁ።


የካቲት 7፣ ከሰዓት

ጉድ ፈላ።

እማዬ ለየካቲት 14 አልሄድም አለች። የዳነ ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል? ክትትል ነው አልኳት። ማንን ነው የሚከታተሉት፣ የዳንኩት በእነሱ አይደለም። ይልቅ ለኪዳነ ምሕረት፣ የካቲት 16፣ ጸበሉ ቦታ ሕዝብ ፊት ቆማ ልትመሰክር ነው። አዲስ ነጠላ አሠርታለች። ለመምሬ ነግራለች።

በዚህ አላበቃም። እትዬ ዘነበች በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። እኔም ቀጠሮዬን ትቼዋለሁ አለች፤ ይቺን በላይነሽን ያዳነ ጸበል እኔን ይተወኛል? ጀሪካኗን አጥባ ለማድረቅ ደፍታዋለች።

ሴትየዋ ኩላሊቷ እንደሚሄድ የማውቀው እኔ፣ አዲሱ ነጠላ ያምራል አልኩ።

ቢኒ ጋ ደወልኩ። ተዪው አለኝ፤ ደስ ብሏታል፣ ለምን ታበላሺባታለሽ፣ ስለ ቱቦው ሌላ ነገር ፈጥረሽ ንገሪያት። ሌላ ነገር! የእኔ ወንድም ፋብሪካ ቢኖረው የሚያመርተው ውሸት ነበር። ግን እሱን መሳደብ ምን ያደርግልኛል። እሱ አፉን ነው የከፈተው፤ ፈርሚ ያልኳት እኔ ነኝ።


የካቲት 9፣ ዓርብ

ልነግራት ሄጄ ነበር። ገና መታጠፊያው ላይ ድምጿ ተሰማኝ። ምስክርነቷን እየተለማመደች ነው፣ ብቻዋን፣ በዚያ ጆሮዋ በማይሰማው ጩኸት። ጠጠር ነበረብኝ ወገኖቼ! የሐኪም እጅ አልነካኝም! መርፌ ብቻ ወጉኝ፣ የቀረውን ኪዳነ ምሕረት አወጣችልኝ! ትንሽ ትቆምና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። አንድ ቦታ ስትደርስ ድምጿ ይሰበራል፤ ልጄን፣ በሥራ ላይ ሥራ ሆኜባት ያላማረረችኝን ልጄን ባርኩልኝ፣ የሚለው ላይ።

በሩን ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ታክሲ ውስጥ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልኩ። ረዳቱ ሒሳብ ሲለኝ አልሰማሁትም። እንደ እማዬ ሆንኩ።


የካቲት 10፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ተነገረ።

በሹክሹክታ ልነግራት ነበር ያሰብኩት፣ እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ። የእኔ እናት ግን ሹክሹክታ አይገባትም። ኦፕራሲዮን ነው የተደረግሽው አልኳት ቀስ ብዬ። ምን? አለች። ደገምኩት። ምን አልሽ? በመጨረሻ ጮህኩ። ዋሽቼሽ ነው! መርፌ አይደለም! ጀርባሽን ከፍተው ነው ያወጡት! ከግድግዳው ማዶ የእትዬ ዘነበች ሬዲዮ ቀጥ አለ።

ብልቃጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። አነሳችው። ወደ መስኮቱ ይዛ አየችው፣ ነቀነቀችው። ቱቦ ውስጥሽ አለ፣ ካልወጣ ይገድልሻል አልኩ። ይህንንም በጩኸት። ሁሉንም ጮህኩት፤ ዶክተሯን፣ ወረቀቱን፣ አዎ ያልኩትን።

የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። ቢላ አስነካሽኝ የምትለኝ። ለዚያ ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት።

እሷ ግን፣ ብሞት ኖሮስ? አለችኝ።

ቢላውን እኮ አይደለም የምፈራው አለች፤ ሰው አንድ ቀን መሞቱ አይቀርም። ሙሉን ድንገት ነው የወሰድናት፣ ሳትናዘዝ፣ ከማንም ይቅር ሳትባባል፣ ከባሏ ጋር እንደተኳረፈች። ሰው እንዲህ አይሄድም ብዬ ነው እስከዛሬ የምፈራው። ጊዜ ብትሰጪኝ እሄድ ነበር። መምሬን ልጥራ ስልሽ ሳቅሽብኝ። ጸበሉንም እኔ ለድኅነት ጠጣሁት፣ አንቺ ለማታለያ አደረግሽው።

ይህን ሁሉ የተናገረችው በዝግታ ነው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

ስለ ቢላ ብቻ አስብ ነበር። ባዮሎጂ ነው የተማርኩት፤ ሥጋዋን ላድን ብዬ፣ ለመሞት መዘጋጀትን የሚያህል ነገር ቀማኋት። አልሞተችም፣ ግን ቀምቻታለሁ። በቃ ይኸው፣ ጻፍኩት።

ሂጂ አለችኝ። ሄድኩ።


የካቲት 12፣ 11 ሰዓት

ስልኬን አላነሳችም። ከት/ቤት ሄድኩ። መምሬ ቤት ውስጥ ናቸው፤ ሲወጡ በር ላይ ተገናኘን። መስቀል ተሳለምኩ። እጃቸውን ብቻ ራሴ ላይ ትንሽ አቆዩት።

ለረቡዕ እሄዳለሁ አለችኝ እማዬ። ግን በደንቡ ነው የምሄደው።

ደቂቃ የማይሞላ ነገር ነው እማዬ፣ መቅደድ የለውም አልኳት። እውነት ነው የተናገርኩት፣ ግን ማን ያምነኛል? ባለፈው ወር መርፌ ነው ያልኩ ሰው ነኝ።


የካቲት 13፣ ከሰዓት

ደንቡ ይህ ነው፤ አዲሱን ነጠላ ለብሳ ደጅ ለደጅ። እኔ ከኋላዋ፣ ጃንጥላዋን ይዤ። ቢኒንም አስጠርታዋለች፤ መኪናውን ባቡር ሐዲዱ ማዶ አቁሞ አንገቱን ደፍቶ ይከተለናል።

በየበሩ ያው ነው። ነገ ሐኪም ቤት እገባለሁ፣ ያስቀየምኳችሁ ካለ ይቅር በሉኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ፣ ማርያም ታውጣሽ። ከዚያ ብልቃጡን ከመቀነቷ አውጥታ ታሳያለች። ይኸውላችሁ፣ ሐኪም ነው ያወጣው፣ በጀርባዬ። ልጄ እንዳልፈራ ብላ ደብቃኝ ነው። ማዶ ሱቅ ያለው የስልጤው ሸምሱ ብልቃጡን ገልበጥ አድርጎ አየና፣ አላህ ይጨርስልሽ እማማ፣ አለ። ሁሉም ጠጠሩን ያዩና ወደኔ ያያሉ። እንዳልፈራ ብላ ስትል ነው ይበልጥ የሚያመኝ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ ዘነበች ጋ ብዙ ቆየን። እትዬ ቁስሉን አሳዪኝ አለች። እማዬ ጀርባዋን ገልጣ አሳየቻት። እትዬ በጣቷ ነካችው። ይችው ናት? ይችው ናት። ያማል? ያማል፣ ሁለት ቀን። ቀጠሮዬን ይመልሱልኝ ይሆን? አለችኝ። ነገ አብሬ እጠይቅልሻለሁ አልኳት። ጸበሉን ግን አልተውም አለች። እማዬም፣ ማን ተዪ አለሽ፣ አለቻት።

ዞረን ቤት ደረስን። የጨረስን መስሎኝ በሩን ልከፍት ስል እማዬ ደፍ ላይ ቆመች። በሌሎቹ ደጅ እንደቆመችው፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጆቿን አጣምራ። ሰናይት፣ አለችኝ፣ ያስቀየምኩሽ ካለ ይቅር በይኝ።

መልሱ የታወቀ ነው። ከሰዓቱን ሙሉ ስሰማው የዋልኩት። እኔን! እሷ እኔን! ጃንጥላውን እንደያዝኩ እግሯ ላይ ወደቅሁ። ቢኒ ፊቱን ወደ ሐዲዱ አዞረ። ተነሺ፣ ልብስሽ ይቆሽሻል፣ አለችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ ግን አላለችም። እኔም እንድትለኝ አልጠየቅኩም።


የካቲት 14፣ ረቡዕ፣ ሆ/ል፣ 3 ሰዓት

ኮሪደሩ ጢም ብሏል። እማዬ አግዳሚው ላይ፣ እኔ ቆሜ፣ አንተ ክንዴ ላይ።

ዶ/ር ማህሌት መጣች። አወቀችኝ፤ ቀጥታ ወደኔ ዞራ ማስረዳት ጀመረች። እጄን አነሳሁ። ከእናቴ ጋር ተነጋገሪ አልኳት። ጆሮዋ ነው፣ ጠጋ ብለሽ ጮክ በይ። ዶክተሯ ቆም ብላ አየችኝ። ያን ጊዜ ነግሬያታለሁ ብለሽኝ አልነበረም? አለች። አልነገርኳትም ነበር አልኩ። ፊቷ ተለወጠ። ጀርባዋን ሰጠችኝና አግዳሚው ላይ ከእማዬ ጎን ተቀመጠች። ዛሬ አልቸኮለችም።

እየጮኸች ታስረዳታለች። ኮሪደሩ በሙሉ የእናቴን ኩላሊት እየሰማ ነው። እማዬ ጥያቄ አላት። በየት ይገባል? እነቃለሁ? አሁን የማይወጣ ቢሆንስ? እስከዛሬ ይህን ሁሉ ጥያቄ የት አስቀምጣው ነበር? እኔ ነኝ ያላስጠየቅኳት።

ወረቀቱ መጣ። እንደ ልማዴ እጄን ዘረጋሁ። እማዬ ቀድማ ወሰደችው። መነጽሯን ዛሬ ይዛለች፤ ግን ፊደሉ ደቃቅ ነው። አንብቢልኝ አለች።

ለእኔ አይደለም። ወረቀቱን ለዶክተሯ ነው የዘረጋችላት። እያነበበችላት ነው። ቃል በቃል። እኔም እዚህ ቆሜ፣ ያን ቀን ሳላነብላት ያስፈረምኳትን ለመጀመሪያ ጊዜ እየሰማሁት ነው።